ያልተመረቀ ጉርሻ

ስለ ኪንታሮት ላጫውታችሁ ነው። ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ የምለው እጅና ፊት ላይ የሚበቅለውን ነው እንጂ ተደብቆ የሚታከመውን አይደለም። የእኔውማ ቢደበቅልኝ ምን በወደድኩ! እሱ ግን መርጦ መርጦ በቀኝ እጄ አውራ ጣት ላይ፣ ከጥፍሬ ጎን፣ እንደ ሽምብራ ቁጢጥ አለ።

አውራ ጣት ምን እንደሚሠራ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ልብ አይለውም። እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ፣ ሰው ስጨብጥ ከላይ ሆኖ የሚታየው እሱ፣ ስልክ የሚነካካው እሱ። ከሁሉ የባሰው ግን ጉርሻ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ጉርሻውን ይሸከማሉ እንጂ ገፍቶ አፍ ውስጥ የሚያስገባው አውራ ጣት ነው። ስንት ሰው በዚህ እጄ አጉርሻለሁ፤ አንድም ቀን "ማን ነው የገፋው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ጉርሻ ምን አስጨነቀሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጄ መቅደስ ቀለበት ልታስር ነበራ! ልጁ ገመቹ ይባላል፤ ጉደር አስተማሪ ነው፤ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ ሲቀመጥ ወንበር የማያንቋቋ ጨዋ ልጅ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ወንዶቹ ተመላልሰው፣ ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። በእኛ ቤት ደግሞ በቀለበት ዕለት ምሳ ሲቀርብ የልጅቷ እናት ብድግ ብላ አማቿን በእጇ ታጎርሳለች፤ የልጁም እናት ምራቷን ታጎርሳለች። ሽማግሌው እያየ፣ ቪዲዮው እየቀረጸ።

ይኼ ብቻ ቢሆን እሺ። የልጁን እናት አዴ ጫልቱን እስከዚያ ድረስ በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ወሬዋ ግን ከሷ ቀድሞ አምቦ ገብቶ ነበር። ያመጣችልኝ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ናት። እትዬ ሙሉ ወሬ ስታመጣ አትቀመጥም፤ በሩ ላይ ቆማ ነው የምታራግፈው።

"ሰማሽ ወይ? የታላቁን ልጇን እጮኛ ለምን እንዳስቀረቻት ታውቂያለሽ?"

"ለምን?"

"ልጅቷ ዳቦ ስታቀርብላት ጫልቱ ጥፍሯ ውስጥ ሊጥ አየች። በቃ። ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።"

እኔ እጄን ቀስ ብዬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሊጥ እኮ ይታጠባል!

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ፍርሃት ነው። መብረቅ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑን ብቻ ሳይሆን ያልተሰካውንም ካውያ አርቄ አስቀምጣለሁ። ውሃ ሁለቴ አፈላለሁ፤ የመጀመሪያው ጀርሙን እንዲያስደነግጠው፣ ሁለተኛው እንዲጨርሰው። አንድ ጊዜ የከተማችንን ባለጋዝ ውሃ ሳይቀር አፍልቼ ለእንግዳ አቀረብኩና ባለቤቴ ታደሰ፣ "የአገሩን ውሃ ገድለሽ አመጣሽው" አለኝ። ይስቁብኝ እንጂ በቤቴ ሆድ ቁርጠት ገብቶ አያውቅም። እንዲህ ዓይነቷን ሴት ነው እንግዲህ ኪንታሮት የያዛት። ለዝርክርክ ሰው ቢወጣ ማን ያየዋል?

ታደሰ ሲያየው ሳቀ። "ይኼ ነው ያስለቀሰሽ? የኔን እይዋ!" ብሎ ካልሲውን አውልቆ ተረከዙን ቀሰረልኝ። ለካ እሱም ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ "ጠጠር ገባኝ" እያለ የሚያነክሰው ጠጠር አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ ጫማውን ሳራግፍለት የኖርኩት በከንቱ ነው።

"ምላጭ አምጪ፣ ልቁረጥልሽ" አለ።

"የራስህን መጀመሪያ ቁረጥ።"

"የኔ ቀለበት የለበትም" ብሎ ካልሲውን መለሰ።

ከዚያ ጀምሮ ምክር ጎረፈ። እኔ በሽታ ስይዝ ዝም ብዬ አልይዝም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እነግራለሁ፤ ያውም "ለማንም እንዳትነግሪ" እያልኩ። እትዬ ሙሉ ልጅ ሆኜ ኮከብ ቆጥሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆጥሬያለሁ። "በቃ፣ ያኔ የቆጠርሽው ነው አሁን የወጣው" አለች። ኮከቡ ይኼን ሁሉ ዘመን ጠብቆ፣ የልጄን ቀለበት ሰምቶ መምጣቱ አስገረመኝ። መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት ነው አለች፤ ደቁሰሽ፣ አስረሽ፣ እሱ ሲለበልብሽ ቻይው።

ቻልኩት። ለበለበኝ። ጣቴ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ኪንታሮቱ ግን ከቲማቲሙ ላይ ተቀምጦ አገሩን ያይ ነበር። ገበያ ስሄድ ባጃጁ ውስጥ አብራኝ የነበረች ሴት አፍንጫዋን ይዛ፣ "ይኼ ልጅ ባጃጁን በምንድነው የሚያጥበው?" ስትል እኔም አብሬ ሹፌሩን በቁጣ አየሁት። ምን ላድርግ?

አሁን ደግሞ ስሙ። እኔ ስጨነቅ አውራ ጣቴን አገጬ ላይ ተክዬ ነው የማስበው። ያን ሰሞን ብዙ አሰብኩ። ስለ ኪንታሮቱ ባሰብኩ ቁጥር ኪንታሮቱን አገጬ ላይ እያሸሁት ነበር። አንድ ጠዋት መስታወት ሳይ ምን አያለሁ? አገጬ መሃል ላይ ትንሽ፣ ቅንጥብጣቢ የምታህል፣ የልጅ ልጁ የመሰለች ሌላ ኪንታሮት። ጮኼ ታደሰን ጠራሁት። መጥቶ መነጽሩን አድርጎ በደንብ ካያት በኋላ፣ "አባቷን ትመስላለች" አለ።

መቅደስ ግን አልሳቀችም። ልጄ ስትፈራ ድምፅዋ ይቀጥናል። "እማዬ፣ በቃ! ሽንኩርት፣ ኮከብ ምናምን ይቅር። ፋርማሲ ሂጂ። አዴ ጫልቱ ካየችው ... ታውቂያለሽ አይደል የገመቹ ወንድም ምን እንደሆነ?" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። በኔ ጣት ምክንያት የልጄ ጎጆ ሳይቆም ሊፈርስ ነው።

ፋርማሲ ሄድኩ። የምትሸጠው ልጅ ትህትናዋ የሚያጠግብ ነበር፤ ጣቴን አየች፣ አገጬን አየች፣ ስለ ታደሰ ተረከዝ ሰማች።

"እማማ፣ እንደየቦታው ነው የሚታከመው" አለችኝ። "ለጣትዎ ይኼ ጠብታ። በሞቀ ውሃ ይነክሩትና ዳር ዳሩን ሳያስነኩ እላዩ ላይ ብቻ ጠብ ያደርጋሉ። ለተረከዝ ይኼኛው፤ ጠንካራ ነው፣ የእግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ። ፊት ላይ ግን ምንም! ፊት የቆዳ ሐኪም ነው የሚያየው። በበረዶ የሚያቃጥሉም አሉ፣ አዲስ አበባ።"

"በበረዶ የሚያቃጥሉ?"

"አዎ።"

በእሳት የሚያቀዘቅዝም ሳይኖር አይቀርም አልኩ በልቤ።

"ደግሞ ብዙው ጊዜ ሳይታከምም በራሱ ይጠፋል፤ ትንሽ መታገስ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"ወራት፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።"

"ቀለበቱ እኮ ከፋሲካ በኋላ ነው!"

"ኪንታሮቱ ይኼን አያውቅማ፣ እማማ" አለችኝ።

ሁለቱን ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። የተባልኩትን ሁሉ በትክክል አደረግሁ፤ አንዱን ብቻ አላደረግሁም። የታደሰን ተረከዝ ብታውቁት አትፈርዱብኝም። ሌላውን ሰው ጫማ ይልጠዋል፤ ታደሰ ግን ጫማውን ይልጠዋል። ያንን ተረከዝ የሚያሸንፍ መድኃኒት ለአንዲት አገጭ ምን ያቅተዋል ብዬ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክቼ ጠብ አደረግሁባት።

መጀመሪያ ነጣች። ደስ አለኝ። ቀጥሎ አቃጠለች። "መድኃኒቱ ሠራ" አልኩ። ከዚያ ዙሪያዋ ጠቆረ። የጠቆረው ሰፋ፣ ቅርፊት ሆነ፣ ከሩቅ ላየኝ ሰው ትንሽ ጺም ያሳደግሁ መሰልኩ። ታደሰ ምሳ ሊበላ ገብቶ ሲያየኝ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እንደምን ዋሉ፣ አባባ" አለኝ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ማስክ ከሳጥን አወጣሁና አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥም አላወለቅሁትም። ሰፈሩ አዲስ በሽታ ገባ ብሎ አንዳንዱ ሰውም ማስክ ማድረግ ጀመረ።

የጣቴስ? የጣቴ ምንም አልሆነ። ጠብታውን ጠጥቶ የወፈረ ይመስል ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ፋሲካም አለፈ። ቀለበቱ ከፊታችን ባለው ሳምንት ሆነ። ያን ጊዜ ነው እትዬ ሙሉ በሩ ላይ ቆማ፣ "ጎጆ ከተማ ኦቦ ዱጉማ የሚባሉ ሰው አሉ" ያለችኝ። በድንጉላ ፈረስ ጭራ ያስራሉ አሉ። ጭራው አንገቱን አንቆ፣ አንቆ፣ ኪንታሮቱ ሳይታሰብ ይወድቃል።

ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ፣ ማስኬን አድርጌ ወደ ጎጆ ከተማ ወጣሁ። መንገዱ ሚኒባሱን ሳይሆን እኛን ነው ያደከመው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይቆጥራል። የኦቦ ዱጉማ ግቢ በደረስኩ ጊዜ አንዲት ሴት ቀድማኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እሷም ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተጠቅልላለች፤ ዓይኗና የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ኦቦ ዱጉማ ፈረሱን ከመስክ ሊያመጡ ሄደዋል። ብርድ ላይ ሁለት ሴት ተቀምጠው ዝም አይሉም።

"የት ነው ያንቺ?" አለችኝ።

"እጄ ላይ። ያንቺስ?"

"እኔም እጄ ላይ።" ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገችና፣ "ጉድ እኮ ነው!" አለች። "ከየት ነው የመጣሽው?"

ማን እንደምታውቅ አላውቅማ! "ከእንጭኒ" ብዬ ዋሸኋት። "አንቺስ?"

"ከጊንጪ" አለች።

ሁለታችንም ልጅ እየዳርን ነው። እሷ ወንድ፣ እኔ ሴት። ኪንታሮቱ ያስጨነቀንም በአንድ ምክንያት፣ በጉርሻው ነው። እህት ያገኘሁ መሰለኝ።

"የልጅቷ እናት" አለችኝ፣ "አይጣል ነው! ውሃ ሁለት ጊዜ ታፈላለች አሉ። እንግዳ ጫማ ብቻ አይደለም፣ ካልሲም ታስወልቃለች ይባላል።"

እኔ ካልሲ አላስወልቅም፤ ስለዚህ ሌላ ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። "ጡር አትፈራም እንዴ!" አልኩ።

"እንዲህ ያለችው ሴት ፊት እንዴት ብዬ ይኼን ጣት ልዘርጋ?"

"እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው፣ እህቴ። የልጁ እናት የሰው ጥፍር የምትመረምር፣ ሊጥ አይታ ሙሽራ የምትመልስ ነች አሉ።"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። "ሊጥ አይታ ማንም አይመልስም" አለች። "አንዳንዴ እኮ ልጅቷ ራሷ ሌላ ሰው ወድዳ ትሄድና ለእናትየው ወሬ ይወጣላታል።"

"እሱን እንኳ አላውቅም። እኔ በበኩሌ አንቺን ብሆን ልጄን ከዚያች ውሃ አፍይ ቤት አላጋባም ነበር።"

"እኔም አንቺን ብሆን ልጄን ለዚያች ጥፍር መርማሪ አልሰጥም።"

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። ብርዱ ነው መሰለኝ፤ ወይም አራተኛ ክፍል ላይ ማቆሜ ነው።

ኦቦ ዱጉማ ፈረሱን ይዘው መጡ። ግራጫ ድንጉላ ነው፤ ጭራው ተነቅሎ ተነቅሎ ስስ ሆኗል። ከኋላው በጎን ቀርበው አንድ ነጭ ፀጉር ሲነቅሉ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገብቶታል። "ሂን ሶዳቲን" አሉኝ ኦቦ ዱጉማ፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እኔን ይሁን ፈረሱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጣቴን ይዘው ፀጉሩን በኪንታሮቱ ሥር ጠምጥመው ሲያጠብቁት ከዓይኔ ኮከብ ወጣ፤ ሳልፈልግ ቆጠርኩት።

አገጬን ላሳያቸው ማስኬን ዝቅ ሳደርግ ራቅ ብለው ቆሙ። "ይኼን እግዜር ይያዘው። ፊት ላይ እኔ ፈረስ አላስርም" አሉ። ስለ ታደሰ ተረከዝ ስነግራቸውም፣ "የእግሩ ባለቤት በእግሩ ይምጣ" አሉኝ። ማስኬን መለስ አድርጌ ስዞር ያቺ ሴት ተራዋን ለመያዝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከፈረሱ ጋር ትተያያለች።

በመጨረሻ ሁለታችንንም አስቁመው አስጠነቀቁን። "ሳታስቡት ይወድቃል። የት ወደቀ ብላችሁ እንዳትፈልጉት! የፈለገው ሰው ላይ ተመልሶ ይወጣል።" ሴትዮዋም እኔም ራሳችንን ነቀነቅን። በሩ ላይ ተሳስመን፣ ለልጆቻችን መልካሙን ተመኝተን፣ በየፊናችን ሄድን።

የቀለበቱ ቀን ነጋ። መቅደስ አገጬ ላይ ዱቄት እየደረበች ጺሜን ደበቀችልኝ፤ ብስቅ የሚፈርስ ስለመሰለኝ እንዳልስቅ ተስማማን። ጣቴን ስታየው ኪንታሮቱ ጠቁሮ፣ ነጩ ፀጉር ሥሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ እዚያው አለ።

"ፕላስተር ልለጥፍበት?"

"ፕላስተሩ ወጥ ውስጥ ቢቀርስ? ተይው፤ ይኼ እንኳ የተጣበቀ ነው።"

ቃሌን ልብ በሉልኝ።

እንግዶቹ ገቡ። ፊት ፊት ሽማግሌው ኦቦ ነገራ በዱላቸው፣ ከኋላ ገመቹ በሱፍ፣ ቀጥላ አዴ ጫልቱ። ረዘም ያለች፣ ደርባባ ሴት ናት። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ኩራት መሰለኝ። እኔም ቀኝ እጄን በነጠላዬ ሸፍኛለሁ፤ በግራ ትከሻ ለትከሻ ተነካካን። ዓይኗ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ከዚያም ጎንበስ ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል፣ "ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ! እኛ ቤት ጫማ አይወለቅም!" አልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያልኩት። ታደሰ ግራ ገብቶት የራሱን ባዶ እግር አየ።

ቀለበቱ ታሰረ። እልል ተባለ። ምሳ ቀረበ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ብርሃኑን አገጬ ላይ አነጣጠረው። ተነሳሁ። እጄን ታጥቤ፣ ከዶሮው መረቅ አጥቅሼ፣ አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ሸሽጌ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልኩ። ገመቹ አፉን ከፈተ። ደህና አድርጎ ነው የከፈተው፤ የታዘዘውን የሚፈጽም ልጅ ነው። አውራ ጣቴ ሳይወድ ብቅ አለና ገፋው። አገባሁት። እልል!

እጄን ስመልስ ጣቴን አየሁት። ባዶ ነው።

ኪንታሮቱ የለም። ፀጉሩም የለም። ከጥፍሬ ጎን ትንሽ ሮዝ ጉድጓድ ብቻ አለች። ቀና ስል ገመቹ ያላምጣል።

"አትዋጠው!"

እኔ ነኝ የጮህኩት። ገመቹ ሁለት ጉንጩ ተነፍቶ፣ መንጋጋው በቆመበት ቀረ። ኦቦ ነገራ ዱላቸውን ጨበጡ። የልጁ አጎት ከወንበሩ ተነሳ፤ መርዝ ነው ያሰበው። መቅደስ ነጭ ቀሚሷን መሰለች። ቪዲዮው ይቀርጻል።

"ምነው?" አለ አጎትየው። "ምን አለበት?"

ምን አለበት! ብናገር ልጄ ቀረች። ዝም ብል ልጁ ዋጠው። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ራሱ አለው፦

"ያልተመረቀ ነው! በአባቴ አገር ... አማች የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይመረቅ አይውጥም!"

ታደሰ አየኝ። ከአባቴ ጋር እንኳን ስለ ጉርሻ ስለ ሥጋ ቅርጫ ሳይቀር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ወግ ሰምቶ አያውቅም። ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረን ኖረናል፤ ፊቴን አይቶ፣ "አዎ፣ አዎ፣ ጥብቅ ነው" አለ። "እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል።"

ኦቦ ነገራ ፊታቸው በራ። ምርቃት አላለቀም የሚባል ዜና ከሰጠሃቸው ሌላ ምንም አይፈልጉም። ዱላቸውን ለታደሰ አቀብለው እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዲህ አሜን በሉ! ይህ ጎጆ ይቁም!"

"አሜን!"

"ይጽና! ይለምልም!"

"አሜን!"

"ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤቢሱ! እግዜር ይባርካችሁ!"

"አሜን!"

በኦሮምኛ ሲጨርሱ በአማርኛ፣ በአማርኛ ሲጨርሱ በኦሮምኛ። ለከብቱ መረቁ። ከብት የለንም። ለዝናቡ መረቁ። ገመቹ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የበርበሬው መረቅ ከከንፈሩ ጥግ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ በእያንዳንዱ ምርቃት ራሱን በአክብሮት ይነቀንቃል።

እኔ በዚህ መሃል ጎንበስ ብዬ እፈልጋለሁ። ሰው "አሜን" ሲል እንጀራውን ገለጥ፣ ሰው "አሜን" ሲል የእንቁላሉን ሥር ገለጥ። ትሪው ላይ የለም። ነጠላዬን አራገፍኩ፤ የለም። የገመቹን ጉንጭ አተኩሬ አየሁት፤ በውጭ በኩል እንኳ ቢታይ ብዬ። እንዲህ ስል ከጎኔ አንድ ሰው ጎንበስ አለ። አዴ ጫልቱ ናት፤ ዓይኗ ባዶው ጣቴ ላይ ነው። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

"ጉድ እኮ ነው! አትፈልጊው!" አለችኝ። "የፈለገው ሰው ላይ ተመልሶ ይወጣል ተብለን የለ?"

ቀና አልኩ። ነጠላዋን ገለጥ አደረገች፤ በቀኝ ሌባ ጣቷ ላይ፣ በነጭ የፈረስ ፀጉር የታሰረ፣ የጠቆረ ኪንታሮት።

"ከጊንጪ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ከእንጭኒ?" አለችኝ።

"ውሃ አፍይ ያልሽው እኔን ነው?"

"ጥፍር መርማሪ ያልሽውስ?"

ሁለታችንም የተናገርነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረን ስናስታውስ ፊታችን ላይ ይታይ ነበር። "አንቺን ብሆን አላጋባም" ያልኩት ጋ ስደርስ ወለሉ ቢከፈት ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነው! ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈራፈራለች። እኔም አቃተኝ። ሳቅሁ። አገጬ ላይ ያለው ዱቄት ስንጥቅ አለና ከነቅርፊቱ ወጥ ውስጥ ወደቀ።

"አማቾቹ በምርቃቱ አለቀሱ" አለ የልጁ አጎት፤ ተቀመጠ። እሱም እንባውን ጠረገ።

"ይዋጥ?" አለችኝ አዴ ጫልቱ ልጇን እያየች።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ከቤታችሁ የወጣ ነው፤ ምን ይሆናል?" አለችና ጮክ ብላ፣ "አሜን! ዋጥ፣ ልጄ!" አለችው።

ገመቹ ዋጠ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቀጥሎ ተራው የሷ ሆነ። ጠቅልላ መቅደስን አጎረሰቻት፤ ልክ እጇን ስትመልስ ጣቷን ገልብጣ ተመለከተች። ኪንታሮቷ አለ። ቢሆንም እርግጠኛ ለመሆን ፈለገች መሰለኝ፣ "የእኔም ይመረቅ እንጂ!" አለች። ኦቦ ነገራ እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። ልጄ ጉንጯን ነፍታ ዓይኗን እያጉረጠረጠች አየችኝ፤ እኔ ግን ጣሪያውን ነበር የማየው።

ትዳሩ ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የታደሰ የተረከዙ ኪንታሮት በራሱ፣ መቼ እንደጠፋ ሳናውቀው ጠፋ፤ የፋርማሲዋ ልጅ እውነቷን ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ በልማድ ያነክሳል። አገጬ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች። የአዴ ጫልቱ ደግሞ ወደ ጉደር ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀ፤ አልፈለገችውም። የኔው ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ጣቴ ላይ ተመልሶ ወጣ። "አልነገርኩሽም?" ትለኛለች በስልክ። አሁን አላስረውም፣ አላቃጥለውም፣ ሽንኩርትም አላስነካውም። ሲፈልግ ይሂድ።

አንድ ነገር ብቻ ልናስተካክለው አልቻልንም። ገመቹ ያን ቀን የተናገርኩትን እውነት ብሎ ይዞታል። እኛ ቤት ባጎረስኩት ቁጥር ጉንጩን ነፍቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ምርቃት ይጠብቃል። መንገር አለብን ስል ታደሰ፣ "ምን ብለሽ?" ይለኛል። እውነት ነው፤ ምን ብዬ?

ባለፈው እሑድ ትንሿ የልጅ ልጄ ጥርስ አውጥታ እንጀራ ጀመረች ተብሎ ቤታችን መጡ። ከአልጫው ትንሽ ጠቅልዬ፣ አውራ ጣቴን ሸሽጌ፣ በሌሎቹ ጣቶች አፏ ውስጥ አደረግሁላት። እሷ አባቷን አየች። አባቷ ጉንጩን ነፋላት። እሷም ትንሿን ጉንጯን ነፋችና፣ ዓይኖቿን እኔ ላይ ተክላ፣ ሳትውጥ ቆመች።

"አሜን፣ የኔ እናት!" አልኩ ቶሎ ብዬ። "አሜን! አሜን!"

ዋጠች።